ምክንያት የሌለው አባት

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? ሥራ ቦታሽ ያለው የሚንቋቋ ወንበር ተቀየረልሽ ወይስ አሁንም ትራስ ደርበሽ ነው የምትቀመጪው? በደንብ ትበያለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ዓይኔም መነጽሩ ከተቀየረ ወዲህ ደህና ነው። ወንድምሽ ደህና ነው፤ ሚስቱም ደህና ናት። ትንሿ ልጃቸው የፊት ጥርሶቿን አውልቃ እያፏጨች ነው የምታወራው። እዚህ ቤት ደህና ያልሆነ አንድ ነገር ቢኖር ያንቺ መጽሐፍ ነው።

ስድስት ቅጂ ላክሽልን፤ አብሮት የመጣ ደብዳቤ ግን የለም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ “ለቤተሰብ” ብለሽ ፈረምሽ፣ በቃ። የወንድምሽ ሚስት አንዱን ለቤት አስቀርታ የቀሩትን ፀጉር ቤት ወስዳ ደረደረቻቸው። ሽፋኑ ላይ ያለው የብዕር ስም ስለሆነ ያንቺ መሆኑን ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም። መቼም አልረሳሽውም፤ የእኔን የወንዶቹን ክፍልና የሴቶቹን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔልሳቶ ግድግዳ ነው። እዚያ ማዶ አንዷ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብታ ጮክ ብላ ስታነብ፣ ካስኩ ስለሚጮህ እሷም ትብስበታለች። እንግዲህ እኔ የሰው አንገት ይዤ፣ ምላጭ በእጄ፣ ያንቺን የፍቅር ታሪክ ምዕራፍ በምዕራፍ ስሰማ ሁለት ወር ሆነኝ። ጆሮዬን የምደፍንበት ትርፍ እጅ የለኝም።

ደራሲ አንባቢው ምን እንደሚል መስማት ይፈልጋል ይባላልና ልንገርሽ። ሴቶቹ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ምዕራፎች ወደውልሻል። የመጽሐፍሽ ልጅ የልጅቷ ቢሮ ገብቶ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ጠግኖ ምንም ሳይናገር የወጣበትን ቦታ ደንበኛቸው ልብስ ሰፊዋ ሦስት ጊዜ አስነብባለች። ወንድ ማለት ይኼ ነው፣ ዲስኩር የለ ምን የለ፣ ጠገነ ወጣ፣ አለች። ልጅቷ መዝገብ ቤት መሥራቷን፣ አቧራው እያስነጠሳት ከአለቃዋ ጋር መነታረኳንም ወደዋል። እነሱ እንደሚሉት በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ውስጥ ያለች ሴት ወይ ሥራ የላትም፣ ካላትም ስትሠራ አትታይም። እጇን እስኪይዛት ሁለት መቶ ገጽ መጠበቃቸውንም ወደውታል፤ እየተቆጡ፣ እየሰደቡሽ ወደውታል።

ያልወደዱትን ልጻፍልሽ ብል ግን ወረቀቱ አይበቃኝም። ሁለቱ በተያዩ ቁጥር ዝናብ ይዘንባል። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ይህችን ከተማ እስካሁን ጎርፍ እንዴት አልወሰዳትም ብላ ቤቱን ሁሉ አሳቀችው። የልጁ ሰፊ ትከሻ አሥራ አንድ ጊዜ ተጠቅሷል። ይህን የቆጠሩት የኔ ደንበኛ ጡረተኛው መምህር ናቸው፤ ጡረታ ወጡ እንጂ ቀይ እስክሪብቷቸው አልወጣም። የልጅቷ ጓደኛ ደግሞ የራሷ ኑሮ የላትም፤ ሥራዋ መልእክት ማመላለስና አብሮ ማልቀስ ነው። መጨረሻው ላይ አንዲት አክስት ድንገት ትታመምና ሁሉም አልጋዋ ዙሪያ ይሰበሰባል። ሰው መሰብሰብ ሲያቅታት በሽታ ትጠራለች እንዴ፣ አሉሽ። ደግሞም እርስ በርሳቸው አይስማሙ! ባለ መድኃኒት ቤቷ በክፍል ሁለት ሰርግ ከሌለ አላነብም ትላለች፤ ልብስ ሰፊዋ ሰርግ የሰነፍ ደራሲ መዝጊያ ነው ትላለች። በመካከል የኔ ጨጓራ ተላጠ።

ሁሉም በአንድ ድምፅ የተስማሙት በሁለት ሰዎች ላይ ነው። አንደኛው ልጁ ነው። ሰባት ምዕራፍ ሙሉ እንደዚያ ወደውት፣ ስምንተኛው ላይ አባትየው “ላንተ አትሆንም” ስላለው ብቻ፣ እሷን እንኳ ሳይጠይቅ ሹልክ ብሎ መሄዱ አልዋጥላቸው አለ። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን አውቶቡስ ጣቢያ ስትጠብቀው አልቅሰዋል፤ ያን ሰዓት መብራት ጠፍቶ ካስኩ ቆሞ ስለነበር ለቅሷቸው ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ካለቀሱ በኋላ ተቆጡ። ቧንቧ ለመጠገን እጅ ያለው ሰው ለመጠየቅ እንዴት አፍ አጣ፣ አለች ልብስ ሰፊዋ። ሌሎቹም ወንድ አይደለም ብለው ፈረዱበት።

ሁለተኛው አባትየው ነው። ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ሰው እንዳያውቀኝ ብለሽ ሥጋ ሻጭ አደረግሽኝ፤ ደግ። ታዲያ ሳሌን ምን አድርጊ ብሎሽ እንዳለ አስቀመጥሽው? መጥፎ ነገር ልናገር ስል ፎጣ ማጠፌንስ? መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ መነጽሬን መፈለጌ ሳይቀር ገብቷል። ይህ ሁሉ ሳያንስ ልጁን ያባረረው ለሀብታም ነጋዴ ሊድራት ብሎ ነው አልሽ። የትኛው ነጋዴ? ሀብታም ሊጠይቅሽ የመጣበትን ቀን እስቲ ንገሪኝ፤ ምናልባት እኔ ቤት አልነበርኩ ይሆናል። ልብስ ሰፊዋ ይህ ሰውዬ ክፍል ሁለት በተጀመረ በመጀመሪያው ገጽ እንዲሞትላት ትፈልጋለች። መምህሩ ደግሞ ወንበሬ ላይ ተጋድመው፣ ጉሮሯቸው እጄ ላይ እያለ፣ ክፉ መሆኑስ ግድ የለም፣ ክፉ ሰው ሞልቷል፣ ያናደደኝ ምክንያት የሌለው መሆኑ ነው፤ ምክንያት የሌለው ክፉ ሰው ከካርቶን የተቆረጠ ነው፣ አሉኝ። እውነትዎን ነው ብዬ ምላጩን ጠርጌ አገጫቸውን ቀና አደረግሁ።

ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ የጀመርኩት ልቆጣሽ ነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ ወረድኩብሽ፤ ስሜን አጠፋሽ፣ በልጄ እጅ የሰው መሳቂያ ሆንኩ ብዬ ጻፍኩ። ፖስታ ቤት ሳልወስደው ግን ባለፈው ማክሰኞ ቀያሹ መጣ። ከስድስት ዓመት በፊት አብረሽው ልትሄጂ የነበረው የመንገድ ቀያሹ፣ መጽሐፍሽ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያደረግሽው።

ከምሳ በኋላ ነበር። በእኔ በኩል ሌላ ደንበኛ አልነበረም፤ ማዶም ባዶ ነበር፤ የወንድምሽ ሚስት ዕቃ ልትገዛ ወጥታለች። ጆሮው አካባቢ ሸብቷል፤ ፀሐዩም አጥቁሮታል። ሰላም ብሎኝ ጺሜን ይላጩኝ ብሎ ተቀመጠ። አረፋውን ቀብቼ አንደኛውን ጉንጩን ከጨረስኩ በኋላ ነው የተናገረው። መጽሐፉ ሥራ ካምፓቸው ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሱም እንደደረሰው፣ ሳሉንና ፎጣውን ሲያገኝ የጻፈችው ማን እንደሆነች እንደገባው ነገረኝ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን እያየ “እውነት ጣቢያ ጠብቃኝ ነበር?” አለኝ። “እስከ እኩለ ቀን” አልኩት። “ታዲያ አልፈልገውም በሉልኝ ብላኛለች ያሉኝስ?” አለኝ። “እኔ ነኝ ያልኩት። እሷ አላለችም” አልኩት።

ምላጩን አስቀመጥኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ስሠራ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ከወንበሬ የተነሳ ሰው አልነበረም። እሱ ተነሳ፤ ፎጣውን ራሱ አንስቶ አረፋውን ጠረገ። ቢጮህብኝ በቀለለኝ። አድራሻሽን እንደማይጠይቀኝ፣ እውነቱን ግን እንድጽፍልሽ ነግሮኝ ወጣ። እንግዲህ እየጻፍኩልሽ ነው።

ያኔ ለአንቺ የነገርኩሽ፣ ሥራህ ቤት የሚያቆም አይደለም አልኩት፣ እሱም እሺ ብሎ ሄደ የሚል ነበር። ውሸት ነው። ስለ ሥራው አንድም ነገር አላነሳሁም። እሱ በአክብሮት መጥቶ የሁለት ቀን መንገድ ወደሚርቅ ቦታ መመደቡን፣ ሐሙስ ጠዋት አብራችሁ ልትሄዱ ማሰባችሁን ነገረኝ። እናትሽ ከሞተች ሰባት ወሯ ነበር። ወንድምሽ ሌላ ከተማ ነበር። ማታ ማታ ሁለት ሰሃን ነበር የምናጥበው፤ አንቺ ታጥቢያለሽ፣ እኔ አደርቃለሁ። ልጁ እያወራ እኔ ሳስብ የነበረው አንድ ሰሃን ብቻዬን ሳጥብ ነው። ፎጣዬን አጥፌ፣ አትፈልግህም፣ ራሷ ልትነግርህ ስላፈረች እኔን ወከለችኝ፣ አልኩት። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜ መለስኩለት። ያንቺ ቃል መስሎት፣ ቃልሽን አክብሮ ነው በማግስቱ በሥራ መኪና የሄደው።

ስለዚህ ሰውዬው አፍ አላጣም፤ ልብስ ሰፊዋም አንቺም ተሳስታችኋል። ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ። ሐሙስ ቀን ሻንጣሽን ይዘሽ ስትመለሺ በሩን የከፈትኩልሽ እኔ ነኝ፤ ምሳም አቀረብኩልሽ። አንቺም በላሽ። ያን ሰዓት ልነግርሽ ስችል አልነገርኩሽም። እንዲያውም ቤት በመቅረትሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም እወቂው። ሁለት ዓመት ቆየሽና የሁለት ቀን መንገድ ሳይሆን ባሕር ተሻግረሽ ሄድሽ። በዚያስ ማንን ልከስ?

አድራሻሽን ለቀያሹ አልሰጠሁትም። የመሥሪያ ቤቱን ስም ግን ከሥራ ልብሱ ጀርባ ላይ አንብቤ በተለየ ወረቀት ጽፌ እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ብትጽፊለትም ብትተዪውም ያንቺ ጉዳይ ነው። ትዳር ይኑረው አይኑረው አልጠየቅኩትም። ከእንግዲህ በሁለታችሁ መካከል አንዲት ቃል አላደርስም፤ ሰላምታም ቢሆን።

የሌሎቹን ሰላምታ ግን አደርሳለሁ። ወንድምሽ ሰላም ይልሻል፤ ይህን ታሪክ እስካሁን አልነገርኩትም፣ ይህ ደብዳቤ ከተላከ በኋላ እነግረዋለሁ። ሚስቱ ሰላም ትልሻለች፤ ዝናቡን ቀንሺልን ትላለች። ትንሿ እያፏጨች ሰላም ብላሻለች። መምህሩ ለደራሲዋ አክብሮቴን አድርሱ ብለው ባይልኩም ሦስተኛ ጊዜ እያነበቡት ነው። አብራሽ የምትኖረውን ጓደኛሽን ሰላም በይልኝ፤ ታማ ነበር ያልሽኝ ጎረቤትሽንም እንደዚሁ።

የክፍል ሁለትን ነገር አንድ ልለምንሽ። ልብስ ሰፊዋ የፈለገችውን ብትል አባትየውን አትግደዪው፤ ይኑርና ይፈር። ነጋዴውን አውጪና የነገርኩሽን ምክንያት ስጪው። ይቅርታውን ግን ከልብሽ ካልመጣ አትስጪው። መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል በግድ የተሰጠ ይቅርታ እነዚያ ሴቶች ካስክ ውስጥ ሆነው ያውቁታል፤ እኔም አውቀዋለሁ።

አባትሽ
ከፀጉር ቤቱ፣ ከወንዶቹ ክፍል
ሰኔ 14 ቀን