«ምንም አልሆንኩም» ስላለች አንዲት መምህርትና ስለ ቀኝ ትከሻዋ

«የካሣ ጠያቂዋ አደጋ ደረሰብኝ ባሉበት ቅጽበት ለአሽከርካሪው “ምንም አልሆንኩም፣ አይዞህ” በማለት በራሳቸው አንደበት የተናገሩ፣ በማግሥቱም ከክፍላችን በስልክ ስለ ጤንነታቸው ተጠይቀው “ደህና፣ ተመስገን” ሲሉ የመለሱ በመሆኑ፣ ጉዳት ያልደረሰባቸው መሆኑ በገዛ ቃላቸው ስለተረጋገጠ ጥያቄያቸው ውድቅ መደረጉን በአክብሮት እንገልጻለን።»

ለተከበሩ የከተማው አውቶቡስ ድርጅት የአደጋ ካሣ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደ ወጉ «እንደምን ሰነበቱ» ብዬ መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ከላይ ቃል በቃል የገለበጥኩት፣ የካቲት 11 ቀን በፊርማዎና በክብ ማኅተም አሸብርቆ የደረሰን ደብዳቤዎ እንዳስተማረኝ፣ በእርስዎ ቢሮ ሰው ስለ ጤናው ተጠይቆ የሚሰጠው መልስ የሕክምና ማስረጃ ነው፤ እናም እርስዎ በጨዋነት «ደህና» ብለው መልሰውልኝ ነገ ጥርስዎን ቢያምዎ ሐኪሙ በገዛ ቃልዎ ከደጅ እንዳይመልስዎ ሰግቼ ጥያቄውን ትቼዋለሁ። ጤናዎን ግን ከልብ እመኝልዎታለሁ፤ ምኞት እስካሁን በማስረጃነት ሲቀርብ አላየሁምና።

እኔ የመለኪያ ተቆጣጣሪ ነኝ። በየሱቁና በየመጋዘኑ እየዞርኩ ሚዛን ስመረምር ሃያ ስምንት ዓመት አልፎኛል። በደብዳቤዎ «ካሣ ጠያቂዋ» የሚሏት ባለቤቴ ደግሞ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊደል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ የኖረች፣ የእጅ ጽሑፏን ርዕሰ መምህርቷ ሳይቀሩ የሚቀኑበት ሴት።

ጉዳዩን ለማያውቀው የዚህ ግልጽ ደብዳቤ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ጥቅምት 14 ቀን ጠዋት ባለቤቴ የጎን ቁጥሩ 318 ከሆነው አውቶቡስዎ በኋለኛው በር ስትወርድ፣ አንድ እግሯ አስፋልቱን ረግጦ ሌላው ገና ደረጃው ላይ ሳለ፣ ቀኝ እጇም የበሩን ብረት እንደ ጨበጠ፣ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ተሳፋሪው የአውቶቡሱን ጎን እየደበደበ «ቁም! ሴትዮዋን ጎተትካት እኮ!» ብሎ እስኪያስቆመው ድረስ አራት ሜትር ከሠላሳ ሳንቲሜትር ተጎትታለች። ርቀቱን ኋላ እኔው ራሴ፣ ሁሉን ያየው የፌርማታው ጋዜጣ አዟሪ እየጠቆመኝ ለክቼዋለሁ፤ ጫማዋ ከቀረበት የመንገድ ጠርዝ እርሷ እስከ ተቀመጠችበት ድረስ።

ያን ዕለት ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄዳ አስተማረች። የቀኝ ትከሻዋ ጅማት ከአጥንቱ መገንጠሉን ያወቅነው በሦስተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ነው። የአጥንት ሐኪሙ ጅማቱ በቆየ ቁጥር ወደኋላ እየሸሸ እንደሚሄድና ስድስት ወር ካለፈው ቢሰፋም እንደማይይዝ በጽሑፍ ሰጥቶናል። ይህንኑ ጽሑፍ ለክፍልዎ አስገብተናል፤ ደርሶዎታል፤ የገቢ መዝገብ ቁጥሩም እጄ ላይ አለ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልሻገር፤ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታ እየጠየቅሁ።

አንደኛ፣ «ምንም አልሆንኩም» ስለተባለው ቃል። ቃሉ መነገሩን አልክድም። ነገር ግን ደብዳቤዎ ያልጠቀሰው፣ ቃሉ በተነገረበት ሰዓት አሽከርካሪዎ፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀረው ሽበታም ሰው፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ የተበተኑትን የልጆች ደብተሮች ከመሬት ማንሣት እስኪያቅተው ድረስ እጁ እየተንቀጠቀጠ «እህቴ፣ ጨረስኩሽ አይደል?» እያለ ከፊቷ ተንበርክኮ እንደነበር ነው። እርሷም «ኧረ ምንም አልሆንኩም፣ አይዞህ ወንድሜ፣ ተረጋጋ» አለችው። ትኬት ቆራጩ ይህን ሰምቶ በአደጋ ቅጹ ላይ አሰፈረው፤ «ወንድሜ»ን ግን አላሰፈረውም፤ ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረ ይሆናል። እናት ያሳደገችው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ይህ ቃል ስለ ትከሻ ጅማት የተሰጠ የባለሙያ አስተያየት አልነበረም፤ ለደነገጠ ሰው የተዘረጋ እጅ ነበር፤ ያውም ጤነኛው፣ ግራው እጅ።

ሆኖም የእርስዎን መርሕ ልቀበልና እስከ መጨረሻው ልከተለው። ባለቤቴ በወደቀች ጊዜ አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ሕዝብ በአንድ ድምፅ «እኔን!» ብሏል፤ አንዲት አሮጊት እንዲያውም «እኔን ልደፋልሽ ልጄ» ማለታቸውን ጋዜጣ አዟሪው መስክሯል። በአደጋ ቦታ የተነገረ ቃል ሁሉ እንደ ቃሉ የሚጸና ከሆነ፣ ከሠላሳ የማያንሱ ሰዎች ጉዳቱ በእነርሱ ላይ እንዲሆን በይፋ ተስማምተዋልና፣ ክፍልዎ የእነርሱን የካሣ ጥያቄ በምን ደረጃ ላይ እንዳደረሰው ቢገልጹልን እናመሰግናለን። አሮጊቷ በተለይ ሊዘገይባቸው አይገባም።

ሁለተኛ፣ በማግሥቱ ስለተደወለው ስልክ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ የክፍልዎ ሠራተኛ ደውላ «እንዴት አደሩ መምህርት?» አለቻት። ባለቤቴ «ደህና፣ ተመስገን፤ እናንተስ ደህና ናችሁ?» ብላ መለሰች። ሠራተኛዋም «እኛም ደህና ነን» አለች። ንግግሩ አርባ አንድ ሰከንድ ፈጅቷል፤ ስለ ትከሻ፣ ስለ በር፣ ስለ አውቶቡስ አንድም ጥያቄ አልነበረበትም። ምርመራችሁን እንዲህ በፍጥነትና በትሕትና፣ ተመርማሪው ሳያውቀው ስለምታከናውኑ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ለእኩልነት ሲባል ግን የሠራተኛዋ «እኛም ደህና ነን» ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝና ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ የሕመም ፈቃድ የጠየቀ ሁሉ በዚሁ ቃል እንዲመለስ በትሕትና አመለክታለሁ።

የአክስቴ ልጅ ጠበቃ ነው። ደብዳቤዎ የደረሰን ዕለት ቢሮው ሄጄ የካሣን ነገር ከሀሁ ጀምሮ እንዲያስረዳኝ ለመንኩት። ነገሩ ሦስት ብቻ መሆኑን ነገረኝ፤ አንዱ ሰው መጠንቀቅ ሲገባው አልተጠነቀቀም፣ ሌላው ሰው ተጎዳ፣ ጉዳቱ የመጣውም ካለመጠንቀቁ ነው። ሦስቱን ያስረዳ ይካሳል። ለዚህም ሲባል የወደቀ ሰው የምስክሮችን ስልክ ይቀበላል፣ ቦታውን ፎቶ ያነሣል፣ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ ያላነበበው ቅጽ ላይ አይፈርምም፣ ማንም ቢጠይቀው «ደህና ነኝ» አይልም። «ይህ ሁሉ ሰው ከወደቀ በኋላ ነው እንዴ የሚነገረው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እናንተ ከመውደቃችሁ በፊት መቼ ደውላችሁልኝ ታውቃላችሁ!» ብሎ ሳቀብኝ። አንባቢ ሆይ፣ ሳይወድቁ ይህን ያነበቡት እርስዎ ከእኛ ይሻላሉ፤ ይያዙት።

ሦስተኛ፣ በደብዳቤዎ ሁለተኛ ገጽ «ጉዳት ደርሶ ቢሆን እንኳ ተሳፋሪዋ መያዣውን በሚገባ አለመያዛቸው ለጉዳቱ አስተዋጽኦ አድርጓል» ተብሎ ተጽፏል። ክቡር ሆይ፣ ሐኪሙ እንደጻፈው ጅማቱ የተገነጠለው ብረቱን ስላልለቀቀች ነው። ለቅቃው ቢሆን ኖሮ ጉልበቷ ብቻ ተልጦ ባለፈ ነበር። «ብረቱን አጥብቀው ይያዙ» የሚለውን፣ በእያንዳንዱ መስኮት ላይ የለጠፋችሁትን መመሪያ በዚህች ከተማ ከመጠን በላይ ያከበረ አንድ ሰው ካለ እርሷ ናት። መጠንቀቅ ሲገባው ያልተጠነቀቀው ማን እንደሆነ ደግሞ ከፈለጉ እነሆ፤ በጥቅምት 18 ቀን ፌርማታው ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜ 318ን ጠበቅሁት። አሽከርካሪው የኋላውን በር የሚያይበት መስተዋት አልነበረም፤ በቦታው በሽቦ የታሰረ የብስኩት ካርቶን ነበር። ካርቶኑ በዝናብ ብዛት ከመጠውለጉ የተነሣ ከአደጋው በፊት ብዙ ሳምንት የኖረ ለመሆኑ ማንም ሊፈርድ ይችላል። ፎቶው ከማመልከቻችን ጋር ተያይዟል፤ ደብዳቤዎ ግን ካርቶኑን በዝምታ አልፎታል። ከካርቶን ጀርባ በሩን ያላየ አሽከርካሪ ጥፋተኛ ነው ብዬ አላምንም፤ ካርቶኑን ያየ ድርጅት ግን አለ።

አራተኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ጥር 6 ቀን ከክፍልዎ የደረሰን የመጀመሪያ ደብዳቤ፣ ባለቤቴ በማመልከቻው ላይ ያኖረችው ፊርማ ከሁለት ዓመት በፊት የወር መሳፈሪያ ካርድ ስታወጣ ከፈረመችው ጋር «በእጅጉ ስለማይመሳሰል» ማንነቷን እንድታረጋግጥ ያዝዛል። ፊርማው በእውነት አይመሳሰልም። የማመልከቻ መስኮታችሁ መደገፊያ ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት ከፍ ይላል፤ እዚያ ላይ ለመፈረም ክንድን ማንሣት ያስፈልጋል፤ ክንዷ ሲነሣ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ስለዚህ ክፍልዎ በጥር ወር የዚህች ሴት እጅ እንደ ቀድሞው አለመሆኑን መርምሮ በማኅተም አረጋገጠ፤ በየካቲት ወር ደግሞ እጇ ምንም አለመሆኑን መርምሮ በዚያው ማኅተም አረጋገጠ። በሙያዬ፣ ጠዋት ሲመዝን አንድ፣ ከሰዓት ሲመዝን ሌላ የሚል ሚዛን ባገኝ፣ ባለሱቁን ሳልሰድብ ሚዛኑን አሽጌ እሄዳለሁ።

አምስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም።

ጥቅምት 14 ቀን ማታ ባለቤቴ ቤት ስትገባ እኔ ጠረጴዛው ላይ የአንድ ወርቅ ቤት ሚዛን ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። ቀኝ ክንዷን በግራዋ አቅፋ ስላየኋት «ምነው?» አልኳት። «ምንም አይደል፣ ከአውቶቡስ ስወርድ ተደናቅፌ ነው» አለችኝ። እኔም «ተጠንቀቂ እንጂ» ብዬ ወደ ሚዛኔ ተመለስኩ። ሁለት ሌሊት በግራ ጎኗ ብቻ ተኝታ ስታድር አልጠየቅኋትም። በሦስተኛው ጠዋት መስተዋት ፊት ቆማ በግራ እጇ ጸጉሯን ልታበጥር ስትታገል ማበጠሪያው ወደቀ፤ ልታነሣው ሳታጎነብስ፣ አንሣልኝም ሳትለኝ፣ ወለሉ ላይ እንዳለ ቆማ አየችው። ያኔ ገባኝ። ስለዚህ የባለቤቴን ጥያቄ መጀመሪያ ውድቅ ያደረገው ክፍልዎ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ማስረጃዬም ከእርስዎ ማስረጃ ጋር አንድ ነበር፤ ማኅተም አልነበረኝም እንጂ። ልዩነታችን፣ እኔ በሦስተኛው ቀን እጇን ማየቴና ይቅርታ መጠየቄ ብቻ ነው። እርስዎ ዛሬ መቶ ሃያ ስድስተኛ ቀንዎ ነው።

በእነዚህ ቀናት ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ባለቤቴ አሁን የምትጽፈው ከሰሌዳው ታችኛ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከፊት የተቀመጡት ልጆች ራስ ስለሚሸፍነው ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ቆመው ያነባሉ። ርዕሰ መምህርቷ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ነገር ግን እስከ መጪው ዓመት መግቢያ እጇ ካልተመለሰ ጠመኔና የስፖርት ኳስ ወደሚቀመጥበት ግምጃ ቤት እንደሚያዛውሯት ነግረዋታል። «እዚያ ደግሞ ከፍ ያለ ሰሌዳ የለም» ብላ ልታስቀኝ ሞከረች። አልሳቅሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆች «ሀ»ን ያዩት በእርሷ እጅ ነው።

የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ መጋቢት 18 ነው። ሆስፒታሉ ከድርጅትዎ የሕክምና ዋስትና ደብዳቤ እስከ መጋቢት 11 ካልደረሰው ተራውን ለሌላ ሕመምተኛ ይሰጣል፤ ቀጣዩ ተራ ደግሞ በሰኔ ነው፤ በሰኔ ጅማቱ ስምንት ወር ይሞላዋል። ሐኪሙ ስድስት ማለቱን ያስታውሳሉ። ስለሆነም ውድቅ ያደረጉበትን ውሳኔ መሻርዎን፣ ካልሻሩም ከሰላምታ መልስ ሌላ ምን ማስረጃ እንዳለዎት የሚገልጽ የጽሑፍ ምላሽ እስከ መጋቢት 10 ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት፣ በእጄ እንዲሰጠኝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ምላሹን ለመቀበል ከመስኮትዎ ፊት ስለምቆም ለፖስታ አይቸገሩ። በስልክ ግን እባክዎ አይደውሉ፤ ልማድ ሆኖብን «ደህና ነን» ልንል እንችላለን።

ሁለት ጊዜ የመዘኑትን ሦስተኛ ጊዜ በትክክል ለመመዘን እንደማያንሱ ሙሉ እምነት ያለኝ፣ ለማኅተምዎም ጥልቅ አክብሮቴን የማቀርብ፣

የካሣ ጠያቂዋ ባል
የመለኪያ ተቆጣጣሪ
(ፊርማዬ ከወር መሳፈሪያ ካርዴ ጋር መመሳሰሉን አስቀድሜ አረጋግጫለሁ።)
የካቲት 20 ቀን

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ አንብባ ሁለት ነገር አዝዛኛለች። አንደኛው «ሰውየውን እንዳትሰድበው» የሚል ነው፤ እንደሚያዩት ታዝዣለሁ። ሁለተኛው የ318 አሽከርካሪ እጁ መንቀጥቀጡን ትቶ እንደሆነ እንድጠይቅዎ ነው። ዛሬም እዚያው አስፋልት ላይ ብትቀመጥ ያንኑ ቃል እንደምትደግመው ነግራኛለች፤ «እንዲያ እየተንቀጠቀጠ ሞቻለሁ ልበለው?» ትላለች። ስለዚህ ቃሏን አላነሣችም። ቃሉን የሰጠችው ግን ለእርሱ ነበር፤ ከኪሱ ወስዳችሁ ፋይላችሁ ውስጥ ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ። ከምላሽዎ ጋር ቃሉን ለባለቤቱ፣ ለአሽከርካሪው፣ ይመልሱለት።