ምንም አልችልም ያሉ ሰዎች

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ሙጃ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ? እህል ይወርድልሻል? ዛሬ ሁሉንም አንድ በአንድ የምጠይቅሽ ምክንያት ስላለኝ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ፤ ሐሳብ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። በስልክ ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ፣ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ጎረቤትሽ ቃለሕይወት ታንብብልሽ፤ አንድም ቃል እንዳትዘል አደራ በያት።

እዚህ ላሊበላ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የአገልግሎት ምደባውን የምሠራው እኔ ነኝ። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ፣ እያንዳንዱ ሰው የተሰጠውን ጸጋ አውቆ ለሌላው ይትረፍ ብለው፣ «የምችለው» የሚል ወረቀት አስበተኑኝ። ምን ተጽፎ ቢመለስ ጥሩ ነው? ሠላሳ ሰባቱም ሰው «ምንም አልችልም፣ ኃጢአተኛ ነኝ» ብሎ! እችላለሁ ማለት ትዕቢት መስሏቸው እኮ ነው። እኔ ስናደድ ቄሱ ሳቁና፣ እንግዲያው አንዱ ስለሌላው ይጻፍ፣ የጻፊው ስምም አይኑርበት አሉኝ።

ያኔ ወረቀቱ ሞላልሽ። የኔሰው የሚባል አለ፤ መዝሙር ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁላችንንም ይዞ ገደል የሚገባ። ስለ እሱ አራት ሰው «የተጣላ ያስታርቃል» ብሎ ጽፏል። ስንት ዓመት አብረን ስንቆም እኔ አላውቅም ነበር።

አመተ ጊዮርጊስ ደግሞ ከኋላ ተቀምጣ፣ ሳትናገር መጥታ ሳትናገር የምትሄድ ሴት ናት። ዐሥራ አንዱ ወረቀት ስለ እሷ ነው። አንዱ እናቴን አስታመመችልኝ ይላል፤ አንዷ ስወልድ ሁለት ሳምንት ከጎኔ አልተለየችም ትላለች። የመጨረሻውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። በየወሩ ወንድሟን ልትጠይቅ ሙጃ ስትሄድ፣ ደጃፏ ላይ የኮሽም ዛፍ ያለባትን አንዲት በሽተኛ ሴት ገላዋን ታጥባታለች፣ ልብሷን ትቀይርላታለች ይላል። ሴትየዋም ላሊበላ ላለችው ልጄ እንዳትነግሪብኝ ብላ ስታስምላት፣ አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ሰምቻለሁ ይላል።

እማዬ፣ ሙጃ ውስጥ ስንት ደጃፍ ላይ ኮሽም አለ? ብዙ ነው በይኝ።

አመተ ጊዮርጊስን ከቅዳሴ በኋላ ጠብቄ ጠየቅኳት። የሰው ምሥጢር አላወጣም አለችኝ። እሺ፣ ሴትየዋ ቆማ ትሄዳለች ወይ ብዬ ለመንኳት። መሬት መሬት እያየች፣ ጸልዪላት ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ተቆጥቼብሻለሁም። የሰውን ሁሉ ጸጋ ስፈልግ ከርሜ የራሴን እናት ማን እንደሚያጥባት ከወረቀት ልወቅ? ለፋሲካ ልምጣ ስልሽ «አገልግሎትሽን አትተዪ፣ እኔ ምን ጎድሎኝ» ያልሽኝ ያኔም ተኝተሽ ነበር?

ምደባው እሑድ ይነበባል፤ ሌላ ሰው ያንብበው ብዬ ለቄሱ ነግሬያቸዋለሁ። ሕሙማንን መጠየቅ በሚለው ሥር አመተ ጊዮርጊስን አስቀድሜ የራሴን ስም ቀጥሎ ጽፌያለሁ። እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንዴት እንደሚገላበጥ ታሳየኛለች። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽም እሷው ናት። ምን እንደጻፍኩ አልነገርኳትም፤ መሐላዋንም አላፈረሰችም፤ እንዳትቀየሚያት።

ዐርብ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። እስከዚያ እመቤታችን ከራስጌሽ አትለይብኝ፤ ዕድሜሽን ታርዝምልኝ። ብቻ እማዬ፣ ስደርስ ጤነኛ ልምሰላት ብለሽ ከመኝታሽ ተነሥተሽ ደጅ እንዳትቆሚብኝ።

ልጅሽ