አራተኛው ዘፈን

ቀየት፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለቤተል፣
ናይሮቢ

ጤናሽን መጠየቅ የእናት ወግ ነበር። ድምፅሽ ግን ከናይሮቢ ቀየት ድረስ እየጮኸ ደህና መሆንሽን ነግሮኛልና ትቼዋለሁ። እኛም አለን። አባትሽ ወገቡን ቢያመውም ገብሱን አጭዶ ከምሯል፤ በጎቹ ደህና ናቸው፤ ውርጩ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል። የቤቱ ወሬ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ጠብ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። ይህን ራሴ ጽፌ ለአክስትሽ ልጅ ለጽናት እሰጣታለሁ፤ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ከባንድሽ ጋር የመጀመሪያውን አልበማችሁን ስታወጡ ምን አልኩሽ? ምንም። ከበሮው ጅብ የሚያባርረው ሰው ይመስላል፣ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቤት ይንጫጫል፣ አንቺ ደግሞ ስለ ትምህርት ቤት አጥርና ጥሎሽ ስለሄደ ጎረምሳ ትጮኺያለሽ። ጽናት «ፖፕ ፓንክ ይባላል» አለችኝ። «ይባል» አልኩ። አባትሽ እንኳ አንዷን ዘፈን እያንጎራጎረ ሲያርስ ሰምቼው አልፌዋለሁ። የጮኽሽው በራስሽ ጉሮሮ ነዋ!

ሁለተኛውን ግን ከእኔ ጉሮሮ አወጣሽው።

እንዴት እንደሰማሁት ልንገርሽ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሽንኩርት ገዝቼ ወደ ቤት ስመለስ ከደብረ ብርሃን የመጣው አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ሙዚቃውን ለቆታል። ድምፅሽን ሳውቀው፣ ሞኟ እናትሽ፣ ደስ ብሎኝ ተጠጋሁ። ድንገት ከበሮው ጸጥ አለ። ከዚያ የአንዲት ሴት ለቅሶ መጣ፦

ዳገቱን ወጥተኸው ቁልቁለት ገደለህ፣
እናትህ ሳታቅፍህ ድንጋይ ተቀበለህ።

ወዲያው አላወቅሁትም። «ይህች ምስኪን ማንን ቀበረች?» አልኩ በሆዴ። ከዚያ ሴትዮዋ «ፈንታዬ» አለች። የያዝኩት ሽንኩርት መሬት ላይ ተበተነ። የሚያውቀኝ ገበያተኛ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አውቶቡሱ ውስጥ አንዱ ጎረምሳ ራሱን እየነቀነቀ «ፈንታዬ፣ ፈንታዬ» እያለ አብሮኝ ይዘፍናል።

ሹፌሩን «አጥፋው!» ብዬ ጮህኩበት።

«እማማ፣ አዲስ እኮ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚወደው!» አለኝ።

ወንድምሽ ፈንታዬ በጀማ ወንዝ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪናው ፍሬን እምቢ ብሎት ከሞተ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ለቀብሩ መጥተሽ ከጎኔ ቆመሽ ነበር። ነጠላሽ ሥር ስልክ እንደያዝሽ ማን ይጠረጥራል? እኔ ደረቴን ስደቃ አንቺ ትቀጂኝ ነበር። አልበሙንም «ቁልቁለት» አልሽው። ልጄ የሞተበትን ቦታ ስም አወጣሽለት።

ደጋግሜ ደወልኩ፤ አላነሳሽም። በአንቺ ፋንታ ጊታር መቺያችሁ ይሥሐቅ ደወለ። ትሑት ልጅ ነው፤ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ግን ከአልበሙ ሁሉ ምርጡ ዘፈን እርሱ ነው። ሰዎች እያለቀሱ ነው የሚሰሙት» አለኝ።

«እናት አለችህ?»

«አዎ፣ አለች።»

«እንግዲያው እሷ ሰው እስክትቀብር ጠብቅና ለሦስተኛው አልበማችሁ ቅዳት» አልኩት።

ስልኩን እኔው ዘጋሁት። ከእናንተ የተማርኩት ይህን ነው።

ይህን ሁሉ እንኳ በሆዴ ይዤ እቀመጥ ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ወዳጆ ሞተ። ወዳጆን ታውቂዋለሽ። የወንድምሽን ሬሳ ከገደሉ ያወጣው እርሱ ነው፤ በትከሻው ተሸክሞ፣ ሌላ ሰው አላስነካም ብሎ። ያን ቀን «ወዳጆ ከእኔ ቀድሞ ከሞተ አገር እስኪሰማ አለቅስለታለሁ» ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ለሰው ውለታ የምመልስበት ሌላ ምን አለኝ? በዚህ አገር ሞት ሲመጣ «አልቃሿን ብርነሽን ጥሩ» ነው የሚባለው።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ለማልቀስ አፌን ስከፍት ሚስቱ ኮከቤ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጣች። ዓይኗ ደም መስሏል። ክንዴን ያዘችኝ።

«ብርነሽ፣ እህቴ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለችኝ። «የእኔን ወዳጆ ለጭፈራ አልሰጥም።»

«ኮከቤ፣ እኔ እኮ አላወቅሁም» አልኳት።

«አውቃለሁ፤ ልጅሽ ናት። ቢሆንም አፍሽን አትክፈቺ።»

ሰው ሁሉ እያየ ከሴቶቹ ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ዋልኩ። ሌሎቹ ሞከሩ፤ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ታቋርጣለች፤ ሁሉም ስልክ የያዘ ሰው ይኖር እንደሆነ ዙሪያውን ያያሉ። ወዳጆን እንደ እንግዳ ሰው ዝም ብለን ቀበርነው። ይህን አንቺ ነሽ ያደረግሽው። ልጄን ሁለተኛ ገደልሽው ብዬ አላጋንንም፤ እኔን ግን በቁሜ አፍ አልባ አደረግሽኝ።

ከቀብር ስመለስ ጽናትን ጠርቼ «ያንን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰሚኝ» አልኳት። «ይቅርብሽ አክስቴ» አለች። አልቀረብኝም። አራተኛው ላይ ነው ያስቀመጣችሁኝ። የጆሮ ማዳመጫውን አድርጋልኝ ሰማሁት። ለቅሶዬ ሊያልቅ ሲል፣ ከድምፄ ኋላ፣ ሌላ ሰው አለ። ሳግ የያዘው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው። ሊጮህ ሲል ጊታሩ ይገባና ይውጠዋል።

«መልሺልኝ» አልኳት። መለሰችልኝ። እንደገና መለሰችልኝ።

ያ ሳግ የማን እንደሆነ እኔ አላጣውም። ስትወለጂ የሰማሁት ትንፋሽ ነው። ስልኩን ይዘሽ፣ እኔን እየቀዳሽ፣ አንቺም ታለቅሺ ነበር። ከዚያ ስቱዲዮ ገባሽና የእናትሽን ለቅሶ ራቁቱን ገበያ አውጥተሽ፣ የራስሽን በጊታር ሸፈንሽው።

ይቅርታ አድርጌልሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም። የምልሽ አንድ ነገር ነው። የእኔን ከዘፈኑ አውጪ። ይሥሐቅ አይቻልም ካለ በእኔ ስም ንገሪው፤ እምቢ ካለም ራሴ እመጣለሁ፣ ናይሮቢ ገደል አይደለም። ጊታሩንም ዝም አሰኚው። ያንቺን ሳግ ግን አትንኪው፤ ወንድምሽ እርሱን ይስማ። እስከዚያው እኔ ስልክ አላነሳልሽም፤ አባትሽ ያነሳል፣ እርሱ ልቡ ቅቤ ነው።

የወንድምሽ አምላክ ጉሮሮሽን ይጠብቅልሽ። የራስሽን ለቅሶ ገና አልጨረስሽምና ያስፈልግሻል።

እናትሽ ብርነሽ