ፀጉሬና የሁዳዴው እንቁላል

ሰኞ፣ መጋቢት 7

ዛሬ ጠዋት ሰባ አራት። ማበጠሪያው ላይ የቀረው ብቻ ነው። ትራሱ ላይ ያለውን አልቆጠርኩም፤ ከሥራ በፊት ሆድ እንዲብሰኝ አልፈለግኩም።

ፀጉሬ እንዲህ መርገፍ ከጀመረ አምስት ሳምንት አለፈው። ከግንባሬ በላይ ግራና ቀኝ ቆዳዬ እየታየ ነው። ሻሽ አስሬ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ለጾሙ ብላ ነው ሳይሉ አይቀሩም። እንግዲህ መላጣነት ጻድቅ አስመሰለኝ!

ነገሩን ልብ ብዬ ልጻፈው፦
– ልጄ ናርዶስ አራት ወር ሞላት። ጡት ብቻ ነው የምትጠባው።
– የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ወደ ክፍል ተመልሻለሁ።
– ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ።
– ደምሽ አንሷል ተብዬ የብረት ኪኒን ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው።
– ምንም ለውጥ የለም።

ጹሚ ያለኝ ሰው የለም። አማቴ እማማ ጥሩወርቅ ልጅ ሊይዙልኝ ከጉና ተራራ ሥር ከመጡ ወዲህ ግን እሳቸው ፊት በቀትር ሳህን ማንሳት አቃተኝ። እሳቸው ከስድሳ አልፈው ውሃ ሳይቀምሱ ሲውሉ እኔ በሠላሳ ዓመቴ ልጎርስ? ኩራት ነው እንጂ ጽድቅ አይደለም። ለእሳቸው ስለ ፀጉሬም ሆነ ስለ ኪኒኑ ትንፍሽ አላልኩም።

ባለቤቴ ሙሉቀን ሥራው እብናት ነው። በስልክ ስነግረው «ኧረ እኔ ምንም አልታየኝም» አለኝ። በስልክ ምን ሊታየው ኖሯል!

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ስልሳ ዘጠኝ። ቀነሰ ብዬ ልደሰት ስል ትራሱን አየሁት።

ሰብለ፣ የእንግሊዝኛዋ መምህርት፣ ሻሼ ሸርተት ሲል አይታኝ ኖሮ በእረፍት ሰዓት ባዮቲን የሚባል የፀጉር ቪታሚን ሙሉ ጠርሙስ ሰጠችኝ። የአክስቷ ልጅ ከባሕር ዳር የላከችላት ነው። «በሁለት ወር ፀጉርሽ ወገብሽ ይደርሳል» አለችኝ። ፀጉሬ ተወልጄ ወገቤ ደርሶ አያውቅም፤ ለጊዜው ራሴ ላይ ቢቀመጥልኝ ይበቃኛል።

ጠርሙሱን አገላብጬ ሳነበው የቪታሚኑ ልባስ ጄላቲን ነው፤ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራ። ፍስክ ማለት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ አልጣልኩትም፣ አልዋጥኩትምም።

እስካሁን የተመከርኩት፦ የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ (ሞክሬዋለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ወጥ ወጥ ሸተተ)፣ የጉሎ ዘይት፣ የጥብስ ቅጠል ውሃ፣ የተልባ ዝልግልግ ውሃ። የጎረቤታችን ምክር ደግሞ «ዓይን ነው፣ ጠበል ሂጂ» የሚል ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ዛሬስ በራሴ አፈርኩ።

ስምንተኛ ሐ ክፍል ገብቼ ስለ ምግብ ዓይነቶች እያስተማርኩ ነበር። ብረት ጋ ደረስኩ። ብረት የት ይገኛል? ምስር፣ ጎመን፣ ጤፍ፣ ሥጋ። ሰውነታችን ብረትን እንዲወስድ የሚረዳውስ? ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም። የሚከለክለውስ? ጠመኔዬን አንሥቼ «ሻይና» ብዬ ጽፌ ቆምኩ።

እኔ ኪኒኔን የምውጠው በምንድን ነው? ከጠዋት አልውጠው፣ በውሃ ስለሆነ ጾሜን ይፈታብኛል። ቤት ሄጄ አልውጠው፣ አማቴ ያዩኛል። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ መምህራን ክበብ ገብቼ በትኩስ ሻይ ዋጥ አደርገዋለሁ። ወፍራም፣ ጠቆር ያለ ሻይ። ሦስት ሳምንት ሙሉ!

ይህንን ትምህርት ለስድስት ዓመት አስተምሬዋለሁ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ሻይና ምን?» አለችኝ። «ሻይና ቡና» አልኩና ለመሳቅም ለማልቀስም ቃጣኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ከክፍል በኋላ ኪኒኑን ወደሰጠችኝ ነርስ ሄድኩ። የሠራሁትን ስነግራት አልሳቀችብኝም። ትንሽ ብቻ ሳቀች።

ያለችኝን ሳልረሳው፦ ኪኒኑ በውሃ፣ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ጥሩ ነው። ከሻይም ከቡናም ሁለት ሰዓት ይራቅ። ከወሊድ በኋላ ፀጉር መርገፍ የብዙ እናት ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቆማል። የደም ማነሱ ግን በራሱ አይቆምም። ፀጉር ደግሞ ወራት ይፈልጋል፣ በሳምንት አትቁጠሪው። (እንዴት አወቀችብኝ?) ባዮቲኑን አሳየኋት፦ «ይኼ የጎደለሽ አይመስለኝም። ከወሰድሽም የደም ምርመራ ስታደርጊ ንገሪን፤ አንዳንዱን ውጤት ያዛባል።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ቀን ምን ትበያለሽ?» አለችኝ።

«ጾም ነው» አልኳት።

«ጾሙን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እኔ ግን ደምሽን አይቼዋለሁ፤ በቀትር መብላት አለብሽ፣ እንቁላልም ሥጋም ጭምር።»

የንስሐ አባታችን የእማማ ጥሩወርቅም ናቸው። እሳቸው ዘንድ ሄጄ «ልብላ» ልል ነው? እግሬ እንቢ አለኝ። ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

የዛሬውን ሳልጽፈው አልተኛም።

ቅዳሜ ስለሆነ ከጠዋት በልተን፣ እማማ ከሚካኤል ተመልሰው፣ እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ናርዶስ አለቀሰች። ጡት ሰጠኋት፣ ተፋችው። አዘልኳት፣ ባሰባት። ሆዷን ነው ብለን አሸንላት። እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። እማማ «እስቲ ወዲህ አምጫት» ብለው ልብሷን አንድ በአንድ አወለቁላት። ካልሲዋ ሲወልቅ የቀኝ እግሯ ትንሿ ጣት በርበሬ መስላ አብጣለች።

ጣቷ ሥር ፀጉር ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል። የእኔ ፀጉር።

እማማ ዓይናቸው ደከም ያለ ነው፤ እጃቸው ግን አልተሳሳተም። በጥፍራቸው ጫፍ ቀስ ብለው አነሱት፣ እኔ በትንሿ መቀስ ቆረጥኩት። ጣቷ ወዲያው መልኳ መመለስ ጀመረ። ናርዶስ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ተኛች። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ብንዘገይስ ኖሮ?

እማማ ፀጉሩን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ሻሼን ፈታሁት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኪኒኑን፣ ሻዩን፣ ነርሷ ያለችውን፣ እሳቸውን ማፈሬን።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ የራሳቸውን ሻሽ ፈቱ። በዚህ ቤት ሁለት ወር አብረን ስንኖር ራሳቸውን አይቼው አላውቅም። ከመሐል አናታቸው እስከ ግንባራቸው ገለጥ ብሏል፤ ከኋላ ብቻ ቀጭን ሽበት ቀርቶላቸዋል።

«ሙሉቀንን ወልጄ ነው የጀመረኝ» አሉ። «ዓይን ነው አሉኝ፣ ዝም አልኩ። በላይ በላዩ ሁለት ወለድኩ። ጦሜንም አልፈታሁ፣ ሥራዬንም አልተውሁ። ሰው ፊት ከሻሽ ወጥቼ አላውቅም። እናቴ እንኳ አላየችው።»

«ለማንም አልነገሩም?»

«ለማን ልንገር ልጄ? የጠየቀኝስ ማን አለ?»

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም፣ ሻሻቸውን መልሰው አሰሩ።

እሑድ፣ መጋቢት 13

አልቆጠርኩም። መጀመሪያ የናርዶስን ጣት አየሁ። ደህና ናት። ከእንግዲህ ካልሲዋን ገልብጬ ሳላራግፍ አላለብሳትም።

እማማ ከቅዳሴ ዘግይተው መጡ። ነጠላቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ ቆመው «አባን አነጋገርኳቸው» አሉኝ።

«ምን አሉ?»

«ተቆጡ።»

«እኔን?»

«እኔን እንጂ! የምታጠባ ልጅ ከጎንሽ ስትጦም እንዴት ዝም ትያለሽ አሉኝ። አላየሁም ብል ማን ያምነኛል? አንቺ እስኪሻልሽ ብይ ብለውሻል፤ ጥሉላቱንም ጭምር። ጦሙ የትም አይሄድም፣ ይጠብቅሻል አሉ።»

እፎይ አልኩ። ቀጥሎም ተናደድኩ፣ በራሴ። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ጥያቄ ፈርቼ ስንት ሳምንት ተራብኩ!

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ኪኒኔን ጠዋት በሎሚ ውሃ ዋጥኩ፣ እማማ ፊት። ብርጭቆውን ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ሰው ይፈልግሻል» አለኝ። ወጣሁ። እማማ ናርዶስን አዝለው ዳገቱን በእግራቸው መጥተዋል። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱ፤ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ጨው በወረቀት፣ ምስር በእንጀራ።

በሁዳዴ! እማማ ጥሩወርቅ እንቁላል ይዘው በከተማ መሐል!

ሻጯ ሳትጠይቃቸው «ለምታጠባ ነው» ብለው እንደገዙ ነገሩኝ። የቤቱ ድስት ሁሉ ለጾሙ በአመድ የታጠበ ስለሆነ በባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ነው የቀቀሉት። እንዲህ አድርገው የጾሙንም ዕቃ ጠበቁ፣ እኔንም አበሉኝ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ልጠው ሰጡኝ። መምህራን እያዩን ያልፋሉ። ሰብለ ዓይኗ ፈጠጠ። አፍሬ ቀስ ብዬ ስነክስ «ደህና አድርገሽ ብይ፣ ምን ያሳፍርሻል!» አሉኝ። እሳቸው ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ሁለቱንም ጨረስኩ። በሕይወቴ እንዲህ የጣመኝ ነገር አላስታውስም።

ሲሄዱ እጃቸውን በቧንቧው ታጠቡ። ከዚያ፣ ወደ ሌላ ቦታ እያዩ፦

«ያቺ ሐኪም… የኔንም ደም ታየው ይሆን? እንዲያው ዳገት ላይ ልቤ ይደክምብኛል።»

«ነገ ከክፍል በኋላ አብረን እንሄዳለን» አልኳቸው። «ፀጉሩን ግን ይመልሰዋል ብዬ አልዋሽዎትም።»

«እሱንማ ተይው እቴ» አሉ።

የእኔም ቢሆን ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ ዛሬም ረግፏል። እሳቸው ደግሞ ነገ ሐሳባቸውን ቀይረው «ደህና ነኝ» እንዳይሉኝ ስፈራ ነበር የዋልኩት። አሁን ናርዶስን ላስተኛ ስገባ አየሁ፤ የክት ቀሚሳቸውን ከሻንጣ አውጥተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ዘርግተውታል።