ጠበል የተረጨበት ገብስ

ለምወድህ ወንድሜ ለደርበው፣ ጅቡቲ

እንደምን ሰንብተሃል? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህንስ ተሻለህ? እኛ፣ እመቤታችን ትመስገን፣ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ታናሽ እህታችን ፀደይ አንተ በሄድክበት መንገድ ልትወጣ ተነሥታለች፤ ከምን እንደመጣ ልንገርህ።

ዝናቡ በፍልሰታ ቆመ። በነሐሴ መጨረሻ ምስጋኑ የሚባል የግብርና ባለሙያ ካሜራ ይዞ መጣ። ካሜራው ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ጭምር እያየ የቅጠሉን ሙቀት ይለካል አለን፤ የተጠማ ገብስ ንዳድ እንደያዘው ሰው ይግላል፣ በሥዕሉም ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ሰው እንዳይሸበር ብሎ ድሮን አላስነሣም፣ በረጅም እንጨት ላይ አስሮ ነው የዞረው። ድሮን ሲባል እኛ ዘንድ ምን እንደሚያስታውስ ታውቃለህ። ማሳው ቀይ የሆነበት ሰው ገብሱን ገልብጦ የሚዘራው የሽምብራ ዘር ይሰጠዋል ተባለ።

አባባ፣ ቅስናቸው መቼ ይለቃቸዋል፣ እህሉ ታሟል ሲባሉ ጊዜ ከአሸተን ማርያም ጠበል በአህያ አወረዱ። የፀረ ተባይ መርጫውን አጥበው፣ ጠበሉን ሞልተው፣ በጀርባቸው አዝለው፣ ካሜራው ሊደርስ ሲል ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ረጩት። የጎረቤቱ ሁሉ ቀይ ሲሆን የኛ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። እማዬ እልል አለች። ምስጋኑም የእናንተስ ተርፏል ብሎ አለፈን፤ ዘሩ ለሌላው ታደለ።

ገብሱ በመስከረም ደረቀ፤ ዛላው ባዶ ነው። ምስጋኑ በጥቅምት ተመልሶ ሲያየው ግራ ገባው። የመርጫውን ነገር ብነግረው ራሱን ያዘ። ካሜራው የለካው የገብሱን ሙቀት ሳይሆን የውኃውን ቅዝቃዜ ነበር አለ። ዘሩ አልቋል፣ የሽምብራውም ጊዜ አልፏል። አባባ አጠገባችን ቆመው ይሰሙ ኖሯል። «ለካ በሽታውን ከሐኪሙ የደበቅሁት እኔ ነኝ» አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ። ማንም አልወቀሳቸውም፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ አልገቡም።

ያለን እህል ለጥምቀት አያደርሰንም። ፀደይም አንድ አፍ ልቀንስላችሁ ብላ ከደላላ ጋር ተነጋግራለች። ድሮ ቢሆን አባባ በር ላይ ተኝተው ያስቀሯት ነበር። አሁን ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። እኔ ብጮህባት፣ ብለምናት፣ ወይ ፍንክች! በበረሃው ያየኸውን፣ ለእኛ ስታለባብሰው የኖርከውን ሁሉ ሳታስቀር ጻፍላት። ስልኩ ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ መልስህን ይህን ወረቀት ባመጣልህ በሹፌሩ በዘመኑ እጅ ቶሎ ላክልኝ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። አባባ እግዚአብሔር ይጠብቅህ ብለውሃል። ትንሹ የአብስራ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው እየተኮላተፈ ሰላም ይልሃል። ፀደይን ሰላምታሽን ልጻፍልሽ ብላት፣ ራሴ ደርሼ በአፌ እነግረዋለሁ ብላ እምቢ አለችኝ።

እህትህ ንጋት
ከአሸተን ማርያም ሥር፣ ላሊበላ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.