ጓሯችንን ላጸዱልን

ለክቡር አቶ ዘሩባቤል
የቀበሌያችን የሞዴል ጓሮ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወላይታ ሶዶ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ የተከበሩት የኮሚቴዎ አባላትም፣ አካፋና መጥረጊያ ይዘው የመጡልን ዘመቻተኞችም እንደምን ከርማችኋል እያልኩ፣ ጤናችሁ እንደ ዳሞታ ተራራ ጸንቶ እንዲኖር ጌታን እለምናለሁ። እኔ መምህርት ወይንሸት ጩማ፣ ጓሮዬን ለዞን እንግዶች ማሳያ እንዲሆን የመረጣችሁልኝ ነዋሪ፣ ደህና ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይህንኑ ነው።

እንደሚያውቁት ባለቤቴን ደገፉን ስትሮክ ግራ ጎኑን ከመታው ወዲህ ከቤት የሚያስወጣው ነገር አልነበረም። ጓሮውን ስንጀምር ግን ጠዋት ጠዋት የዕቃ እጣቢውን በደህና እጁ በጆግ ይዞ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ፣ ወደ እንሰቶቹ መሄድ ለመደ። የሰፈራችን ቧንቧ ላም አለኝ በሰማይ ስለሆነ የዝናቡን ውኃ በጉድጓድ እናቁራለን፣ መሬቱ እንዳይደርቅም በደረቀ የኮባ ቅጠል እናለብሰዋለን፤ በዚያ እርጥበት እንሰቱም ቦዬውም ጎመኑም በጋውን ያልፉ ነበር። ኮሚቴዎ ይህንን አይቶ ውኃ ቆጣቢ ጓሮ ብሎ የመረጠን ዕለት፣ ደገፉ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጺሜን ላጪኝ አለኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከጉብኝቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ እኔ ገበያ ሳለሁ፣ ጓሮውን የሚያሳምሩ ዘመቻተኞች ስለላካችሁልን አመሰግናለሁ። መሬቱን ያለበስንበትን ኮባ ቆሻሻ ነው ብለው ጠራርገው፣ በጋሪ ጭነው ወስደው አቃጠሉት። ደገፉ ቃል ለማውጣት ጊዜ ስለሚወስድበት ተዉት ለማለት ሲታገል፣ እነሱ ምስጋና መስሏቸው እጁን ጨብጠውት ሄዱ። ትሕትናቸውን ጎረቤቶች መስክረውላቸዋል።

፪ኛ. እንግዳ እንዳይወድቅ በማሰብ የውኃ ጉድጓዶቻችንን በድንጋይና በአፈር ሞልታችሁ በላያቸው የጌጥ ሳር ስለተከላችሁልን አመሰግናለሁ። ሳሩ ጠዋትና ማታ እንዲጠጣ ያዘዙት ባለሙያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ሳይነግሩን ወደ ሌላ ስብሰባ መሄዳቸው በሥራ ብዛት መሆኑን ተረድቻለሁ። እኩላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም።

፫ኛ. እንግዶቹ ከገሱባ ሲመለሱ መንገዱ ስላዘገያቸው ከመኪና ሳይወርዱ አልፈዋል። በመስኮት አይተው ንጽሕናውን ማድነቃቸውን ሰምቻለሁ። የምስክር ወረቀቱም ደርሶኛል፤ ፍሬሙ ጥሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ የለም። ጎመኑ ነደደ፣ ቦዬው ጠወለገ፣ ትንንሾቹ እንሰቶች አንድ በአንድ ተኙ። መናደድ እንደሚገባኝ ሰዎች ይነግሩኛል፤ እሞክራለሁ፣ አይመጣልኝም። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሲመሽ እገባለሁ። መሬቱን እንደገና ማልበስ ይቻላል፤ ኮባ ከጎረቤት አይጠፋም፣ ጉድጓዱንም ሰው ለምኜ አስቆፍራለሁ። ደገፉ ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጆጉን አላነሳም። መሬቷን ራቁቷን አስቀሯት ብሎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሱን በምን እንደማስነሳው አላውቅም፤ ኮሚቴው በዚህ ላይ መመሪያ ካለው በትሕትና እጠይቃለሁ።

አስባችሁ ስላደረጋችሁልን ሁሉ፣ ይልቁንም ሳታስቡ ስላደረጋችሁት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለመጪው ዘመቻ ጌታ ጉልበቱን አብዝቶ እንዲሰጣችሁ የምመኝ፣

የሞዴል ጓሮ ባለቤት
ወይንሸት ጩማ

ማሳሰቢያ፦ ሌላ ጉብኝት ካሰባችሁ ቀድሞ ማሳወቅም ሆነ ዘመቻ መላክ አያስፈልግም። ጓሮው እንደወደዳችሁት ንጹሕ ነው፤ ባለቤቴም ከአልጋው ስለማይወርድ መንገድ አይዘጋባችሁም።