የኮርቻሽ ልክ

ውድ እታለም፣

…የብስክሌቱን ኮርቻ ከኋላ ይዘሽ ስትሮጪ፣ «አትዙር፣ ይዤሃለሁ!» ስትዪ፣ ድምፅሽ ግን እየራቀ፣ እየራቀ። እንደለቀቅሽኝ ያወቅኩት ከግንቡ ጋር ስላተም ነው። ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። «እግርህ ፔዳሉ ላይ በደንብ የደረሰ ቀን ብስክሌቱ ያንተ ነው» አልሽኝ።

አርባ ሦስት ዓመት ሞላኝ። አልደረሰም።

እሁድ ጠዋት ግን ነዳሁት። ለካንሰር ታማሚዎች መርጃ በተዘጋጀው ጉዞ፣ አርባ ኪሎ ሜትር። አትሳቂ።

ሐኪሙ ውጤቱን ከነገረሽ ቀን ወዲህ አልወጣሽበትም። ኮርቻው አንቺ በተውሽበት ከፍታ ቆሞ ቀረ፤ ዘንጉ ላይ ዝገት እንደ ቀለበት ዞረበት። ልብሶችሽን ለሰው ሰጠን። አልጋሽም ወጣ። እዚህ ቤት ውስጥ ቁመትሽን የሚያውቅ ያ ቀለበት ብቻ ነበር። ስለዚህ ዝቅ አላደረግኩትም። አንድ ወር ሙሉ በእግር ጣቴ ጫፍ እየነዳሁ ተለማመድኩ።

መነሻው ላይ ጀርባችን ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ሰጡን። «የምነዳው ለ» ይላል፤ ቀሪውን መሙላት ነው። ስምሽን ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። «ቀጭኔ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰፈሩ እንደሚጠራሽ። ከዚያማ በየመንገዱ «በርታ ቀጭኔ!» ሆነ። አንዲት ሴት አጠገቤ መጥታ፣ «ቀጭኔ ሲሉ እኮ ረጅም ሰው ጠብቄ ነበር» ብላ ሳቀች።

«እህቴ ናት» አልኳት።

 ስታልፈኝ ጀርባዋን አየሁት። ሦስት ስም ተጽፎበታል።

አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ውኃ የሚታደልበት ቦታ ስደርስ፣ ባቴ ተኮማትሮ ወደቅኩ። አንድ መካኒክ፣ እጁ እስከ ክርኑ ቅባት የሆነ፣ ብስክሌቱን አነሳልኝ።

«ወንድሜ፣ ማነው በሰው ልክ የሰቀለህ?»

«ልኬ ነው።»

«ልክህ ከሆነ እግርህን ቤት ረስተኸው መጥተሃል።»

ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የተላጠ ጉልበቴን ታጥቤ ስመለስ ኮርቻው ወርዷል። ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ እንደ አዲስ አብርቶታል። «ዝገት በልቶት ነበር፤ አሁን ንዳ!» አለኝ፤ ደስ ብሎታል። ቀለበቱ የለም። ምን ልበለው? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

የቀረው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ምቹ ነበር። እሱ ነው ያስለቀሰኝ። እግሬ ሙሉ በሙሉ ፔዳሉ ላይ ደረሰ፤ እንዲህ አድርጎ መድረስ ግን አልፈለግኩም።

ቤት ስገባ በቀጥታ ወደ ስፌት ክፍሌ ሄድኩ። የደንበኞችን ልክ የምጽፍበትን ደብተር አወጣሁ። ያንቺ ገጽ ላይ የወገብሽ ቁጥር አራት ጊዜ ተሰርዟል። የመጨረሻውን ቀን ታስታውሻለሽ? ቀሚስሽን ለማጥበብ ለክቼሽ፣ «ሰባ» አልኩሽ። መስታወቱ ውስጥ አየሽኝ።

«ሜትርህም እንደ ባለቤቱ አጥሯል ማለት ነው» አልሽ።

አፌ ውስጥ እስፒል ነበር። መናገር ያልቻልኩ መስዬ ዝም አልኩ።

ሃምሳ ዘጠኝ ነበር፣ እታለም። ሃምሳ ዘጠኝ። አንቺ አውቀሽዋል። የጠበቅሽው እኔም እንደማውቀው እንድነግርሽ ብቻ ነበር። ብቻሽን እንድታውቂው ተውኩሽ። ኮርቻውን ይዤ እንደምሮጥ አስመስዬ ለቀቅኩሽ።

ከገጹ ግርጌ ሌላ ቁጥር አለ። የእግርሽ ቁመት፣ የመጀመሪያ ሱሪሽን ስሰፋልሽ የለካሁት። ያ አንዴም አልተሰረዘም። በሽታው እዚያ ላይ አልደረሰም።

ብዕሩን እዚህ ላይ ላስቀምጥ።

ተመለስኩ። መፍቻና ሜትር ይዤ ብስክሌቱ በቆመበት ኮሪደር ላይ ተንበርክኬ ነበር። ከፔዳሉ ጀምሬ ወደ ላይ ለካሁ፤ ኮርቻውን አነሳሁት፤ አጠበቅኩት። ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ይሁን አይሁን አላውቅም። የእግርሽን ቁጥር ግን እንደ ልብስ ሰፊ ወግ ጮክ ብዬ አነበብኩልሽ።

«ሰማንያ ስድስት።»

መልስ የሚሰጥ ሰው እንዳለ ሁሉ ትንሽ ጠበቅኩ። ከዚያ ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።